ለወንድሜ ያስገጠምኩት ግጥም

ወንድሜ የወደቀበት ቦታ እስከ ዛሬ በውል አልተነገረንም። የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ተመትቶ ሞተ ተባልን፤ «አይከፈትም» የተባለ ሳጥን ወደ ከተማችን ወደ ቆቦ መጣልንና ቀበርነው። ስለ አሟሟቱ የማውቀው ይህንኑ ነው። ስለ ለቅሶው ግን የማላውቀው ነገር የለም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

በሕይወት ሳለ ለእረፍት ሲመጣ ቆቦ አታስቀምጠውም ነበር። ገበያ ከወጣ ገበሬው ይከበውና «ከላይ ሆነህ ማሽላችንን አየኸው ወይ? እንዴት ነው?» ይለዋል። እሱም «የጎረቤቶቻችሁ የጎብዬዎቹ ይበልጣል» ብሎ ያናድዳቸዋል። እናቴ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር በሰማች ቁጥር ደጅ ወጥታ ነጠላዋን ታውለበልባለች። «የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል እኮ» ስላት፣ «ይሁና፤ እሱስ እናት የለውም?» ትለኛለች።

ሥራው ሰው እንደሚያስበው አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመላልሰው ቁስለኛ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት ጓሮ ተቀምጠን፣ «አየር ላይ እያለሁ ጩኸታቸውን ሞተሩ ይውጠዋል» አለኝ። «የምሰማቸው አርፌ ሳጠፋው ነው። አንዳንዴ ማጥፋቱን እፈራለሁ።» ቀጠለና፣ «ከሞትኩ ‹ገዳይ› ብላችሁ እንዳታስለቅሱብኝ» አለ። «አንተ ሟርተኛ! አፍህን ያዝ!» ብዬ ተቆጣሁት። ቃል አልገባሁለትም፤ ግን በደንብ ሰምቼዋለሁ።

ከአጥራችን ማዶ የምትኖር ጎረቤት አለችን። ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው እዚህ የከተሙ ነጋዴዎች ነበሩ። ወንድሜ ሲወለድ እናቴ ክፉኛ ታማ ስለነበር ከራሷ ልጅ ጋር ግራና ቀኝ አድርጋ ያጠባችው እሷ ናት። «ወደይ» ትለው ነበር፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው። የገዛ ልጇ ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ሰሜን እንደሄደ ቀረ። ከማን ጋር እንደተሰለፈ አፍ አውጥቶ የጠየቃት የለም፤ ሁላችንም ግን ገምተናል። መርዶ አልመጣላትም። መርዶ ላልመጣበት ሰው ደግሞ አይለቀስም፤ በቁሙ እንደ መቅበር ይቆጠራል። ስለዚህ ስሙን ሳታነሳ ትኖር ነበር። የወንድሜ ሞት የተሰማ ዕለት ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው እሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከዋጃ ከተማ ያስጠራናት አልቃሽ መጣች። በእኛ አገር አልቃሽ ዝም ብላ አትገጥምም፤ የሟችን ሥራ ከዘመድ ትጠይቃለች። እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ «ምን ሠራ በይ?» አለችኝ።

«ቁስለኛ ያመላልስ ነበር።»

«ኧረ በሞቴ! ጫነ፣ አወረደ ብዬ ላልቅስለት? ይኼንንማ የአይሱዙ ሾፌርም ያደርገዋል። ለወንድ ልጅ የሚሆን ንገሪኝ እንጂ!»

ደሜ ፈላ። ወንድሜ ከማንም ወንድ ሊያንስብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ስንቱን እንደደመሰሰ፣ በየሸለቆው እንዴት እያሳደደ እንደመታ፣ ያላየሁትንና እሱም ያልነገረኝን ሁሉ ደርድሬ ነገርኳት። ውሸት ስትጀመር ትከብዳለች እንጂ ከዚያ በኋላ ራሷ ትሄዳለች።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አልቃሿ መሀል ቆማ ድምጿን ለቀቀችው፦

ሰማይ ላይ ነው ቤቱ ደመና ነው አጥሩ፣
የት ይግባ ጠላቱ ሲረግፍ አረሩ።

«ገዳይ! ገዳይ!» ብሎ ሰው ተቀበላት። ወንዶቹ ዱላቸውን እየነቀነቁ ተነሱ። እውነት ለመናገር ኩራት ተሰማኝ። ጎረቤታችን እናቴን አቅፋ ስታነባ ነበር፤ ድንገት አቆመች። የተመለከተችው አልቃሿን ሳይሆን እኔን ነው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ በሰው መሀል እየተሹለከለከች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ቤቷ ሄድኩ። መደብ ላይ ተቀምጣለች። ተቀመጪም ሂጂም አላለችኝም።

«እንዲያ አድርጓል?» አለችኝ።

«እማ፣ እኔ አላውቅም። የነገረኝ ስለ ቁስለኞቹ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለሴትዮዋ ማን ነገራት?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ያምርበታል ብዬ።»

አፈርኩ፤ መሬት ብትከፈት በገባሁ። እሱ ራሱ ገዳይ እንዳትሉኝ ብሎኝ እንደነበር፣ ሁሉንም እኔ እንደፈጠርኩት እያለቀስኩ ነገርኳት።

«ለልጄ ማልቀስ አልችልም» አለችኝ። «አለ ወይም ሞተ ያለኝ የለም። ይኼን ሦስት ቀን ግን የወንድምሽን ስም እየጠራሁ ለሁለቱም አለቀስኩ። ተነፈስኩ። አሁን ‹ወደይ› ልል አፌን ስከፍት፣ ከላይ ሆኖ ልጄን ሲፈልገው ይታየኛል።»

«እማ፣ ውሸት ነው አልኩሽ እኮ!»

«ውሸት እንደሆነማ አውቃለሁ። ያጠባሁት ልጅ ነው፣ ጠባዩ አይጠፋኝም። እንባዬ ነው እምቢ ያለኝ።»