የእናቴ እጢና የስኳሩ ነገር

እናቴ ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዬን እጠቢልኝ ብላ ጠራችኝ። እጄ በጎኗ በኩል ሲያልፍ ግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የሚያህል ጠንካራ ነገር ነካሁ። እጄን ገፋችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምንም። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ጨርሺ።»

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ክረምት ሳይገባ መሰለኝ። አሁን አንቺ ለአገር ምድሩ እንዳታዳርሺው!»

ክረምቱ ግን ወጥቶ፣ የሰፈራችን የቀራንዮ ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሮ ነበር።

ያን ዓመት የሥራዬ ነገር ሆኖ እጢ ምን ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ፣ መሃል ከተማ ባለ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ከበሽተኛ የተቆረጠ ሥጋ እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይመጣልናል። ሰም ውስጥ ይቀበርና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፤ መስታወት ላይ ተለጥፎ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይተው ነቀርሳ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። የእኔ ድርሻ መስታወት ማጠብ፣ ቀለም ማጥለል፣ «ያንን አምጪ» ሲሉኝ መሮጥ ነው። መሮጡን እወደዋለሁ። የሚገድለኝ መቀመጥ ነው።

«ነገ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ሆስፒታል ነዋ!»

«ቆርጠው ሊጥሉኝ? ነቀርሳ ከሆነ ብረት ከነካው ይበተናል። ተይው፤ ካልነኩት አይነካኝም።»

ይህን ሰፈራችን ውስጥ የማያምን የለም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ትኖር የነበረች ሴት በእግሯ ሆስፒታል ገብታ ተቆረጠች፤ ብዙም ሳትቆይ ቀበርናት። ለቅሶው ላይ የተወራው ሁሉ ስለ ብረቱ ነበር። እጢውን ምን ያህል ጊዜ በነጠላዋ ሸፍና እንደኖረች ያነሳ ሰው የለም። እኔ ላነሳ አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ዝም አሰኘችኝ።

ሥራ ቦታ መስታወት መስበር ጀመርኩ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ቁጡ ሰው ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ምን ገብቷል? አንድ ቦታ ቁሚ እንጂ!»

«ዶክተር፣ ነቀርሳ ከቦታው ተነስቶ የሚሄደው እንዴት ነው?»

«ማን ጠይቂ አለሽ?»

«ማንም። የራሴ ጥያቄ ነው።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። ከዚያ በርጩማቸውን ለቀቁልኝ። ማይክሮስኮፑ ስር የአንዲት ሴት የጡት እጢ ነበር። ሴሎቹ እንደ ገበያተኛ ተጨናንቀዋል፤ ዙሪያቸውን፣ ክፍተቱን ሁሉ፣ ያጠለልኩት ሰማያዊ ቀለም ሞልቶታል።

«ሰማያዊው ምንድነው?»

«ስኳር።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሻይ ውስጥ የምትጨምሪው መሰለሽ? ይሄ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው። የስኳር ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ውሃ ይዘው ያብጡና በሴሎች መሃል ያለውን ቦታ ይሞላሉ። ጤነኛ ሰውም አለው። እጢ ዙሪያ ግን አንዳንዴ ይበዛል፣ ዓይነቱም ይለወጣል።»

«ሲበዛስ?»

«ሰፈርሽ የት ነው?»

«ኮልፌ ቀራንዮ።»

«ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ አጥራችሁ ምን ይሆናል?»

«ይላላል። ውሻውም ሁሉ በስሩ ይሾልካል።»

«እንግዲህ ነቀርሳውም መሾለኪያ የሚያገኘው እንደዚያ ይመስለናል። ገና የማናውቀው ይበዛል። በይ ተነሽ፣ መስታወቶቹን እጠቢ። እንዳትሰብሪ።»

በውይይት ታክሲ ተጠቅጥቄ፣ ጉልበቴ ከሰው ጉልበት ጋር እየተጋጨ ኮልፌ ደረስኩ። እናቴን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰንሰለቱን፣ ውሃውን፣ አጥሩን። ከዚያ ሁሉ ውስጥ መርጣ የያዘችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ስኳር ነው በይኛ!»

በነጋታው ሻይዋን ባዶውን ጠጣች። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምናመጣውን ስኳር አንስታ ለጎረቤታችን ሰጠቻቸው። እጢው ምግቡን ካጣ ይሞታል አለች፤ ብረትም አያስፈልግም። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም፤ መውጫ አግኝታለች። ጎረቤታችን በዕድሜ ከእናቴ የሚበልጡ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። ስኳሩን ታቅፈው መረቁኝ።

«ተባረኪ ልጄ! ያንቺ ትምህርት ለእኔ ሻይ ሆነኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ አያባብሱብኝ! እማዬ፣ የምትጠጪው ስኳር አይደለም። ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው ነው።»

«ራሱ ይሠራል?»

«አዎ!»

«ያለ ራሽን?»

«ቀስ በይ» አሉ ጎረቤታችን በሩን እያዩ፤ «ቀበሌ ከሰማ ሰውነትሽን ይወርሰዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። አየር ጤና ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ጋራዦቹን ዞሬ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። በቆምኩ ቁጥር ያ ሰማያዊ ቀለም ዓይኔ ላይ ይመጣል። እሷ ሻይዋን እየመረራት ስትጠጣ፣ እዚያ ውስጥ አንዱ ሴል አጥሩን አልፎ እየሄደ ቢሆንስ?

እስከ ገና እንደዚያ ቆየን። ከዚያ አንድ ቀን ቀሚሷን ስትቀይር ሳልጠይቃት እጄን ከተትኩ። ባቄላው የኮክ ፍሬ አክሏል።

«ስኳር አቆምሽ፣ አደገ። ብረት አልነካውም፣ አደገ። ማን ነካው ታዲያ?»

ቀሚሷን አስተካከለች።

«አሳዪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«አየሁ የምትይውን።»

ዶክተሩ ይህን ስነግራቸው «ይሄ ሲኒማ ቤት ነው?» ብለው ጮኹ። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ እጅ ስትነሳ ሲያዩ ራሳቸው በርጩማውን ሳቡላት። ዓይኗን መስታወቱ ላይ ደቀነች።

«ፀጉር ነው የማየው።»

«ሽፋሽፍትሽ ነው። ትንሽ ራቅ በይ» አልኳት።

ራቅ አለች።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«አይነገርም።»

«ቆርጠዋታል?»

«አዎ፣ ሥጋው እዚህ የመጣው ተቆርጦ ነዋ።»

«እነዚህ ለብቻቸው ወዲያ ርቀው የሄዱትስ? ብረቱ ነው የበተናቸው?»

እኔ ልመልስ ስል ዶክተሩ ቀደሙኝ። «እናቴ፣ ይሄ ሥጋ ከሰውነቷ ወጥቶ ወዲያው ፎርማሊን ገባ። ከዚያ በኋላ የተነቃነቀ ነገር የለም። የሚያዩት ብረቱ ሲደርስ ያገኘውን ነው።»

«ቀድመው ሄደው ነበር ማለት ነው።»

«ቀድመው።»

እንደገና አጎንብሳ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

«ጌታዬ፣ የእኔስ ሄዶ ይሆን?»

«ሳላየው አላውቅም።»

«እንግዲያው ይዩት።»

ጡቷን ያወጡላት ዕለት ኮሪደሩን ስመላለስበት አንዲት ነርስ «ወለሉን ጨረስሽው እኮ» አለችኝ። የእናቴ ሥጋ ያለበት ዕቃ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ዶክተሩ እንዳልነካ ከለከሉኝ፤ ቀለሙንም ሌላ ሰው አጠለለ። መልሱን ግን ለእኔ ነገሩኝ። ነቀርሳው ከብብቷ ካወጧቸው ንፍፊቶች አንዱ ላይ ደርሷል። ሌሎቹ ንጹህ ናቸው።

ጎረቤታችን ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ውጤቱን ከእኔ ሰምተው የሆስፒታሉ መኝታ ክፍል በር ላይ ያዙኝ።

«ንጹህ ነው በያት። ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ስትበረታ ቀስ ብለሽ ታሰሚያታለሽ።»

በእኛ ዘንድ ወጉ እሱ ነው። ቤተሰብ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ዕቁብተኛው ያውቃል፤ በሽተኛው ብቻ አያውቅም። ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። አየችኝ።

«ተናገሪ።»

«አንዱ ንፍፊት ላይ ደርሷል። ሌሎቹ ላይ የለም።»

«ወይኔ!» አሉ ጎረቤታችን፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ!»

እናቴ ደህናውን እጇን አንስታ ፊቷን ጠረገች።

«ብረቱ ነው?»

«ከብረቱ በፊት ነው።»

«አውቃለሁ። እሳቸው ይስሙት ብዬ ነው።» ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «አሁን ምን ያደርጋሉ?»

«መድኃኒት አለ ብለዋል። የሚያዘው ሌላ ሐኪም ነው፣ ታች ነው ያለው።»

«ዛሬ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሻል?»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። አግዳሚው ሁሉ ሰው ሞልቶታል። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ «እህት፣ ተራ አለ እኮ!» አለኝ።

«አይቻለሁ» ብዬ አለፍኩትና በሩን አንኳኳሁ።