የጓንግ ዳሩ መቃን

እትዬ ውባንች ጓንግ ወንዝ ዳር ያለውን ቤታቸውን ከክረምቱ በፊት ካልሸጡ ክረምቱ እንደሚበላቸው እርግጠኛ ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። አምና ውኃው ግቢያቸውን ሲሞላ እንዳለው የሚባል ጎረቤታቸው ነበር አዝሎ ከግቢው ጉብታ ላይ ያወጣቸው። ዘንድሮ እሱ ለእርሻ ሥራ አብደራፊ ገብቷል፤ ማን ይዘላቸው? ሳንጃ ከተማ ያለችው ልጃቸው አየሁሽ መጥተው አብረዋት እንዲኖሩ ለምናቸዋለች። እሳቸው ግን በሽያጩ የራሳቸውን ክፍል ሳይሠሩ በሰው ቤት፣ የልጅም ቢሆን፣ እጃቸውን አጣጥፈው አይገቡም።

ግንቦት ሲጋመስ በደጋው በኩል ነጎድጓድ መሰማት ጀመረ። በነጎደ ቁጥር ከደጃፉ ወጥተው ወንዙን ያያሉ።

ደላላው ባየልኝ ከመተማ ዮሐንስ በባጃጅ መጣ። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ቤቱ የሱ ይመስል፣ ትእዛዙን ያወርደው ገባ። በወንዙ በኩል ያለው የእሾህ አጥር ይነሣ፤ ገዥ ከበሩ ቆሞ ውኃውን ይይ። አንገረቡ፣ የጠፍር አልጋው፣ ወጥቶ ከማንጎው ጥላ ሥር ይዘርጋ፤ አረፍ ያለ ሰው ቶሎ ተነሥቶ አይሄድም። አጎበሩ ይደበቅ፤ ወባ ያስታውሳል። ገዥ የሚመጣውም ጠዋት፣ ነፋሱ ከወንዙ ሲነሣ እንጂ ትንኝ በሚወጣበት ሰዓት አይደለም።

«ይህስ ምንድን ነው?» አለ፣ የበሩን መቃን እየዳሰሰ።

ባለቤታቸው ጋሽ ምናለ በሕይወት ሳሉ፣ በየዓመቱ ውኃው ሲጎድል፣ የደረሰበትን ልክ መቃኑ ላይ በቢላ ይጭሩ ነበር። የጋሽ ምናለ ጭረቶች ከቁርጭምጭሚት ተነሥተው ጉልበት ላይ ያበቃሉ። ከዚያ በላይ ያሉትን ሦስቱን የጫሩት እትዬ ውባንች ናቸው፤ ወገብ ላይ የሚደርሰው የአምናው ነው።

«ይደፈን» አለ ባየልኝ። «ገዥ ይህን ካየ በመጣበት እግሩ ነው የሚመለስ።»

እትዬ ውባንች ጭቃ አቦኩ። የባላቸውን የእጅ ሥራ በገዛ ጣታቸው መድፈን አንጀታቸውን በላው። ሰማዩ ደግሞ ነጎደ፤ ደፈኑት። ላዩን ሰማያዊ ቀለም ቀቡት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባየልኝ ገዥ ይዞ መጣ። ዘምዘም ትባላለች፤ ዕድሜዋን ጋላባት ኖራ፣ ሱዳን ሲታመስ ልጆቿን ይዛ የተሻገረች አትክልተኛ ናት። አንገረቡ ላይ አልተቀመጠችም። ወንዙንም አላደነቀች። ቀጥ ብላ ሄዳ መቃኑን ከታች ወደ ላይ በመዳፏ አሸችው። ጣቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀረ።

«እትዬ፣ የውኃው ምልክት የታለ?»

ባየልኝ ቀደማቸው። «እዚህ ውኃ ገብቶ አያውቅም፤ ምን ምልክት ይኖረዋል።»

«የወንዝ ዳር ቤት ሆኖ ምልክት የሌለው፣ ወይ ትናንት የተሠራ ነው፣ ወይ ባለቤቱ ዋሽቷል» አለች ዘምዘም፣ ሳትቆጣ። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ባጃጁ አመራች።

እትዬ ውባንችን ላብ አጠመቃቸው። ይህች ከሄደች ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ገዥ አይመጣም። እውነቱን ቢነግሯትም መሄዷ ነው። ግን ልጆች አሏት፤ እነዚያ ልጆች በሳቸው ውሸት ላይ ሊተኙ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ዛሬ አሳሳቂዋ ራሳቸው ሆነው ቁጭ አሉ። አፈሩ።

«ልጄ፣ ተመለሽ» አሉ።

ቢላ አምጥተው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ተንበርክከው፣ ጭቃውን ይፈለፍሉ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«እስከ ጉልበት ያሉት የባለቤቴ የምናለ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የእኔ። ይኸ ወገብ ላይ ያለው የአምናው ነው። ሰው አዝሎኝ ነው የተረፍሁ። ልጆችሽን ይዘሽ ክረምቱን እዚህ ወለል ላይ እንዳታድሪ።»

ባየልኝ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ዘምዘም ጭረቱን ከወገቧ ጋር ለካች። ቀጥላ ጉብታውን ወጥታ ዞረችው፤ ስትመለስ ፊቷ ፈታ ብሏል።

«ቤቱንማ አፍርሼ ከጉብታው ላይ ነው የምሠራው። እኔ የምፈልገው ውኃው ጥሎት የሚሄደውን ደለል ነው። እኛ ጀሪፍ እንለዋለን፤ ሽንኩርት እንደሱ የሚወደው መሬት የለም። ውኃው የት እንደሚደርስ ሳላውቅ ግን ልጆቼን የት አስተኛለሁ? እገዛለሁ፤ መቃኑን ብቻ ከቆመበት ሳይነቅሉ ይተዉልኝ።»

እትዬ ውባንች ከዚያ ቤት ሳንጃ ሊወስዱት ያሰቡት አንድ ነገር ቢኖር እሱ መቃን ነበር። ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቁም» አሏት በመጨረሻ።

ነሐሴ ላይ፣ ሳንጃ፣ ዝናቡ የአዲሱን ክፍላቸውን ቆርቆሮ ሲደበድብ እትዬ ውባንች ከማዕዱ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ወንዙን ሸሽተው ፍርሃቱን ይዘውት መጥተዋል። አየሁሽን ለዘምዘም ስልክ አስደወሉ።

«ልጄ፣ ውኃው የት ደረሰ?»

«ገብቷል እትዬ። ልጆቹ ከጉብታው ላይ ናቸው፣ ደኅና ናቸው። መቃኑን አሁን አይቼው መጣሁ። ከርስዎ ጭረቶች አልደረሰም። የጋሽ ምናለን የመጨረሻ ጭረት ነክቶ ቆሟል።»

እትዬ ውባንች ስልኩን እንደያዙ፣ በሌላው እጃቸው ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ልኩ እዚያ ነበር።