የለቅሶ ቤቱ ሂና

በሰባ ዘጠኝ ነው። ቆይ፣ ሰባ ዘጠኝ ነው እንዴ? ሲስተር ሮማነወርቅ ዛሬም ቢጠይቋት መጀመሪያ «ሰባ ዘጠኝ» ትልና ወዲያው ራሷን ታርማለች። «የለም፣ የኢሕዲሪ ምሥረታ ሰልፍ አልፎ ነበር። ቀበሌ ያደለን ባንዲራ በከድር ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየበላው ነበር። እንግዲያው ሰማንያ ነው።» ዓመቱ የሆነው ይሁን። የማትጠራጠረው ነገር ሌላ ነው፦ ሩቂያ በእናቷ ለቅሶ ላይ፣ ያውም በሦስተኛው ቀን፣ እግሯን አዲስ ሂና ተቀብታ መቀመጧን።

ሁለቱ ሴቶች አብሮ አደግ ነበሩ። የሮማነወርቅ አያት ከሸዋ መጥተው ፈረስ መጋላ አጠገብ ቤት ከሠሩ ጀምሮ የሁለቱ ቤተሰብ ግቢ በአንድ አጥር ነው የሚለየው። ሮማነወርቅ ነርስ ሆነች። ሩቂያ ደግሞ ባሏን ፈትታ እናቷ ቤት ተመለሰችና ወንድሟ ከድር ዘንድ ትጠልፍ ጀመር። ከድር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሱቅ አለው። እሱ የሙሽራ ሱሪ ሲሰፋ እሷ የሱሪውን ጫፍ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈውን፣ በሐር ክር ትጠልፋለች። በከተማው የእሷን ጥልፍ ያላደረገች ሙሽራ እንዳገባች አትቆጠርም ይባል ነበር።

ከዚያ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ፊቷም ጧት ጧት ይነፋል። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል ተባለ። አክስታቸው አይሻ ጅዳ ነበሩና ስንት ደጅ ተጠንቶ የመውጫ ቪዛ ተገኘ፤ ወንድምና እህት አብረው ሄዱ። ከድር አንድ ኩላሊቱን ሰጣት። ሲመለሱ ሩቂያ ጉንጯ ሞልቶ፣ ከድር ደግሞ ጎኑ ላይ ረጅም ጠባሳ ይዞ ነበር። «ያለ ልኬት የሰፋሁት ነው፤ ግን ገጠመ» እያለ ሱቁ ውስጥ ያስቅ ነበር።

ሩቂያ ግን አትስቅም። ኩላሊቱን «አማና» ነው የምትለው፣ ለጊዜው በእጇ የተቀመጠ የሰው አደራ። ክኒኖቿን እንደ ሶላት ሰዓት ትጠብቃለች። ከጅዳ የመጣ ሐጂ መድኃኒቷን ካላመጣላት እህል አይወርድላትም።

ሂና መቀባት ያዘወተረችው ከተመለሰች ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ሠርግ ሲኖር ማንም ይቀባል። ሩቂያ ግን ሠርግ ሳይኖርም፣ ሳይለቅ ሌላ ትደርብበት ነበር። «ተርፌ የለ? ልዋብ እንጂ!» ስትል ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ከሞት የተመለሰች ሴት ለምን ተዋበች ይባላል?

እናቷ ድንገት አረፉና በዚያው ቀን ተቀበሩ። የአፎቻው ሴቶች፣ በሠርግም በለቅሶም የማይቀረው ማኅበራቸው፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው በቀይ አፈር በተለሰነው መደብ ላይ ተደረደሩ። የሩቂያ ሂና ሊለቅ ጀምሮ ነበር። አዴ ዘሀራ የሚባሉት አንጋፋዋ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ እግርሽን ምን ነካው? ጠቋቁሯል» አሏት።

«እሳት ነው፣ አዴ» አለች ሩቂያ፣ እግሯን ወደ ልብሷ እየሰበሰበች።

በሦስተኛው ቀን ጧት እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚት በጥቁር ቀይ ሂና ሸፍና መጣች። ሽታው ሳይቀር ገና ትኩስ ነው። ሐዘንተኛ ሂና አይነካም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በዚያ ከተማ የለም። 

«ሙሽራዋ መጣች!» አለች አንዷ ከወደ ጥግ። «ኒካሁ ለመቼ ነው?»

«አስተግፊሩላህ በይ» አሏት አዴ ዘሀራ፣ ግን እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩ።

ወሬው ወንዶቹ ከተቀመጡበት ደረሰ። ከድር በር ላይ መጥቶ ቆመ። «አንቺ! የእናታችን አፈር ሳይደርቅ?»

ሩቂያ አንገቷን እንደ ደፋች ቀረች። ሮማነወርቅ አጠገቧ ነበረች። የሩቂያን እግር ከሰው ዐይን ልትከልል ነጠላዋን ጣል ስታደርግ እጇ ቁርጭምጭሚቷን ነካ። ሂና ቀለም ነው፣ ከቆዳ ከፍ አይልም። ከጣቷ ሥር ያገኘችው ግን እንደ ምስር ፍሬ ጎርበጥ ብሎ የተበተነ ነገር ነበር።

«ነይ ጓዳ ውኃ አምጪልኝ» አለችና ጎትታ አስነሣቻት። ጓዳ ሲገቡ፣ «ሩቂ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ለማን ነው ምንም የምትይው? እኔ እኮ የምውለው ሆስፒታል ነው!»

ሩቂያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ጅዳ ሐኪሞቹ ሲሸኙኝ ‹ቆዳሽ ላይ አዲስ ነገር ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ አሳዪ› ብለውኝ ነበር። አጠገቤ የተኛች አንዲት የመናዊት ግን እግሯ እንደኔ ጠቆረባት። አሳየች። መድኃኒቷን ቀነሱባት፤ ኩላሊቷም ሞተ። ወላሂ ሮሚ፣ የራሴ ቢሆን ወዲያው አሳይ ነበር። የከድር ነው። የሱን አካል በእጄ ልግደለው?»

 ሐዘኑ ሲያበቃ ሮማነወርቅ እጇን ይዛ ሆስፒታል ወሰደቻት። ከድርም ነገሩን ሰምቶ ከኋላቸው ተከተለ። ዶክተር ተስፋዬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ሐኪም፣ ከእግሯ ጥቂት ሥጋ ቆርጦ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከ። መልሱ ሲመጣ ሦስቱን አስቀመጠና ሳይሸፋፍን ካንሰር ነው አለ።

«ከኩላሊቴ ጋር ነው የሄደባት?» ከድር ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት?»

«የለም፣ አንተ ጤነኛ ነገር ነው የሰጠሃት። ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችሁ ግንብ፣ ጁገል፣ በሮቹ ላይ ዘበኛ ነበረው አይደል? የሰው አካልም አለው። ያንተ ኩላሊት ለእሷ አካል እንግዳ ስለሆነ ዘበኛው ሊያባርረው ይነሣል። እሱን ለማስተኛት ነው መድኃኒት የምትወስደው። ዘበኛው ሲተኛ ግን ሌባም ይገባል። ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ካንሰር የሚያገኛቸው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መድኃኒቱን ቀንሰን ዘበኛውን በመጠኑ እንቀሰቅሰዋለን። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጥቁረት ይጠፋል። ግን ዘበኛው ሲነቃ ሌባውን ብቻ ያባርራል፣ እንግዳውን አይነካም ብዬ አልዋሽሽም፣ ሩቂያ። እግርሽ እንደ ድሮው ካበጠ ያን ዕለት ድረሽ።»

«እንግዲያው አይቀነስም» አለች ሩቂያ። «አማና ነው።»

ከድር ሳቀ፤ ዐይኑ ግን አልሳቀም። «ስሚ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፍቼ የሰጠሁትን ሱሪ ደንበኛዬ እሾህ ላይ ቢቀደው መልስልኝ እላለሁ? ሱሪውን ለማትረፍ ብሎ እግሩን ቢቆርጥ ግን እብድ ነው እለዋለሁ።»

«አታሹፍብኝ!»

«አላሾፍኩም። አደራ አይደለም የሰጠሁሽ፤ ስጦታ ነው። እናታችንን ቀብሬያለሁ። አንቺን ለኩላሊት ብዬ አልቀብርም።» ወደ መስኮቱ ዞረ።

መድኃኒቱ ተቀነሰ። ሩቂያ ሂናውን ተወች። ከተማው ጥቁረቱን በግልጥ አየው። ሙሽራ ብላ የተሳለቀችባት ሴትዮ የመጀመሪያዋ ሆና ሾርባ ይዛ መጣች፣ አፍራ ግን ገበታው ላይ ቀና ብላ አላየቻትም። ከወራት በኋላ ጥቁረቱ ወየበ፣ ጉብታው ተኛ። ሮማነወርቅ ከሥራ ስትመለስ በአጥሩ ላይ «አሳዪኝ» ትላለች፤ ሩቂያ እግሯን ወደ ፀሐይ ዘርግታ «እዪ፣ አልሐምዱሊላህ!» ትላለች። ሁለቱም እንደ ልጃገረድ ይስቁ ነበር።

ቀጥሎ አንድ ሰሞን ሩቂያ አጥሩ ጋ መምጣት ተወች። ሥራ በዝቶባታል ተባለ። ጥልፍ አለባት ተባለ። ሮማነወርቅም ተረኛ ነበረችና ነገሩን አላጤነችውም። በኋላ በለጡ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ «ጓደኛሽ ጅዳ ለምርመራ ልትሄድ ነው አሉ፤ ዛሬ ነው የምትነሣው» አለቻት።

ነጭ ልብሷን ሳትለውጥ ፈረስ መጋላ ደረሰች። የድሬዳዋው ታክሲ ሞልቶ ሞተሩ ይጮኻል። ከድር ሻንጣውን ጣራው ላይ እያሰረ ነበር።

«ሮሚ! መጣሽ!» ሩቂያ አቀፈቻት። ጉንጯ ከበፊቱ ይልቅ ሙሉ ሆኖ ተሰማት። «ተመልሼ የልጅሽን የሠርግ ሱሪ እጠልፋለሁ፣ ኢንሻ አላህ። ለማንም አትስጪብኝ።»

«ሲስተር፣ ልቀቂያት፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅም!» አለ ሾፌሩ።

ሩቂያ ለመግባት አንድ እግሯን አነሣች። ሮማነወርቅ እንደ ልማዷ ወደ እግሯ አየች። ጥቁረቱ የለም። ቆዳዋ ጠርቷል፣ ሂናም የለበትም። የሰንደል ጫማዋ ጠፍር ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰርጎ ገብቶ ነበር፤ ሥጋው እንደ ድሮው ከግራና ከቀኝ አብጦ ጠፍሩን ውጦታል።

ሩቂያ ጓደኛዋ እንዳየችባት ዐወቀች። ወደ ከድር ሰረቅ አድርጋ አየች፣ ልብሷን ሳብ አድርጋ እግሯን ሸፈነችና በሩን ዘጋች።

«ሩቂ፣ እግርሽ ከመቼ ጀምሮ...» ብላ ሮማነወርቅ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ታክሲው ተነሣ።