የያዮው ጥቁር መስመር

በደርግ ጊዜ መቱ ውስጥ፣ የደን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካርታ ሠሪ ነበርኩ። አንድ መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ባለፈው በጋ የተነሳ የሳተላይት ፎቶ ይዞ መጣ። ወይ ጉድ! በፎቶው ላይ ደኑ ቀይ ነው፤ የተቃጠለው ደግሞ ጥቁር። «ኮምፒዩተሩ ካለፈው ዓመት ቃጠሎ ተነስቶ ዘንድሮ እሳት የሚነሳበትን ቦታ ይነግረናል» አለን። ያዮ በሚባለው ወረዳ በኩል፣ ደኑ ዳር ላይ፣ ረጅም ጥቁር መስመር ነበረች። ኮምፒዩተሩ እዚያው ላይ የአደጋ ምልክት አድርጓል።

መስመሯን አውቃታለሁ። የአንድ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ሥራ ናት። ቀፎ የሰቀሉባቸውን ዛፎች ለማዳን በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የደኑን ዳር ሣር፣ እሳቱ እንዳያመልጥ እየጠበቁ፣ ያቃጥሉታል። በበጋ ከእርሻ የሚያመልጥ እሳት እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይጠፋል።

ስብሰባ ላይ ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ «ጓድ፣ ይሄ ተቃጥሏል አልተቃጠለም?» አለኝ።

«ተቃጥሏል» አልኩ። ለምን እንደተቃጠለ ሆዴ እያወቀ ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ ሌላ ምን ልበል! አሻጥረኛ የሚለው ስም እኔ ላይ እንዳይለጠፍ፣ ደኑን ያቃጠሉት ሽማግሌው ናቸው ተብሎ እሳቸው ላይ ሲለጠፍ ቁጭ ብዬ አየሁ። በሳምንቱ ሽማግሌው ታሰሩ።

ኅዳር መጣ። እሳቸው እስር ቤት ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸውም ክብሪት መጫር ፈርተው ቤታቸው ተቀመጡ። ጥር ላይ ከአንድ እርሻ ያመለጠውን እሳት ያገደው ነገር አልነበረም፤ ደኑን ከነቀፎው በላው። መሥሪያ ቤታችን ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትንበያው በትክክል ሠራ!» ባለሙያው ተሸለመ፤ ለእኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያውም ቆሜ!

ሽማግሌው ክረምት ሲገባ ተፈቱና በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጡ። «ፎቶውን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ከጥቁሯ መስመር ወዲያ ባለው ቀይ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ኢልማ ኮ፣ ይሄስ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ ድሮም «ልጄ» የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው።

«ያኔ ያልተቃጠለው ደን ነው፣ ጋሼ።»

«ለምን እንዳልተቃጠለ ጠየቁህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አንተስ አፍ አልነበረህም?»

ይቀመጡ ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም። ቆመው መልሴን ጠበቁ፤ እኔ ያን ቀንም ዝም አልኩ።