የባሕር ዳሩ ብስክሌት አስተማሪ

ካርቱምን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዓርብ ጠዋት ነው። በሌላው ቀን ረክሻ የሚሉት ባጃጅና ሚኒባስ የሚጋፉበት የሰፈራችን የዴም መንገድ ዓርብ ጠዋት ጭር ይላል። የሰፈሩ ወጣቶች፣ ሱዳኖቹም የእኛዎቹም፣ ይህን አይተው ነው የብስክሌት ጉዞ የጀመሩት። እዚሁ አጠገባችን ካለው ከሳጃና ሰፈር ተነስተን እስከ ዓባይ ዳር እንነዳለን፣ ፉል በልተን እንመለሳለን፣ ብስክሌት የሌለው ይዋሳል፣ የማይችል ይማራል አሉ። ሰው ሚኒባስ ከመጠበቅ ይገላገላል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

አስተማሪ ሲፈለግ የእኛ ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ። የባሕር ዳር ልጅ ነኛ። ባሕር ዳር ተወልዶ ብስክሌት የማይችል ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? እኔም አልችልም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ልጄ ካርቱም ተወልዳ ስላደገች፣ አማርኛዋ እንዳይጠፋ ብዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የባሕር ዳርን ወሬ ስነግራት ኖሬአለሁ። ዘንባባው በጎናችን ሲያልፍ፣ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስንለቀው፣ የታላቅ ወንድሜ ሸሚዝ በነፋስ ተነፍቶ ፊቴን ሲመታኝ። እሷም አባቴን በብስክሌት የሚስተካከለው የለም እያለች ለጓደኞቿ አውርታለች። እውነቱ ግን ቤታችን የነበረው ብስክሌት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወንድሜ። እኔ ከኋላው ከመፈናጠጥ በቀር ነድቼው አላውቅም።

ቢሆንም አስተማርኩ። ሳጃና አንድ ሜዳ ላይ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ፣ ጎማውን አትዩ፣ ፊት ለፊት እዩ እያልኩ። የሚገርመው ተማሪዎቼ ቻሉ። አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ዓርብን ብቻ የሚያርፉ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሳትያዝ የሄደች ቀን ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባት ሜዳውን ሦስቴ ዞረችው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጄም ከእነሱ ጋር ተማረች። ሰዉ በዐረብኛ ኡስታዝ፣ መምህር፣ ይለኝ ጀመር። አንተስ አትነዳም ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ማዕረጉን ወደድኩት፤ ምን ይደረግ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ሌሎች ሰፈሮች የተጠሩበት ትልቅ ጉዞ ተዘጋጀና ኡስታዝ ከፊት ይምራን ተባለ። ሁለት ሱዳናውያን ወጣቶች አዲስ ብስክሌት እየገፉ አመጡልኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኳቸው። ቀስ ብለህ ትነዳለህ፣ እኛም እንጠብቅሃለን አሉኝ። ልጄ ከሰልፉ መሐል ታየኛለች። ሌላው ሰው ሁሉ ቢስቅብኝ እችለው ነበር። እሷ ግን ውሸታም አባት እንዳላት ዛሬ ልታውቅ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ብስክሌቷን እየገፋች መጣችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ባባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ዐውቃለሁ» አለችኝ።

ምኑን አልኳት።

«በወሬህ ውስጥ ሁልጊዜ ያለው የወንድምህ ጀርባ ነው። ሸሚዙ፣ ላቡ። ፊት ለፊት ያለውን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም።»

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች አልጠየቅኳትም። ዘወር ብላ ለወጣቶቹ በዐረብኛ፣ ኡስታዙ ጉልበቱን ስላመመው እኔ ይዤው እመራለሁ አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ያላ፣ ከኋላ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ከሲታ መሆኔ ጠቀመኝ። መጀመሪያ ትንሽ ተወላገደች፣ ቀጥሎ ተስተካከለች። ከኋላችን የተማሪዎቼ ሳቅና የደወል ድምፅ ይሰማል፣ የሱቅ ጠባቂዎች ከየደጃፉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። አፍሬ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ ያን ሰልፍ በታትኖታል። እኔ ባሕር ዳር ገብቻለሁ፣ ልጄ ሌላ አገር ናት፤ ብስክሌት ዛሬም አልችልም። በመንገዱ ሰው ሁሉ ሲነዳ ሳይ የምትናፍቀኝ ካርቱም ናት። ወንድሜ ረጅም ነበር፣ ከኋላው ተቀምጬ ከጀርባው ሌላ የማየው አልነበረኝም። ልጄ ግን አጭር ናት፤ ያን ቀን በራሷ ላይ አሻግሬ መንገዱን እስከ ዓባይ ድረስ አየሁት።