ጥርሴን ምስክር ጠርቼ

በየመን በኩል የምንጓዝ ሴቶች መጀመሪያ የምንማረው ነገር ቢኖር ከመንገደኞቹ መካከል አንዱን ወንድ «ባሌ ነው» ማለት ነበር። ባል ያላትን ደላሎቹ አይነኩም ይባላል። እኔም አንዱን የወሎ ልጅ ባሌ ነው አልኩ። እውነትም ደላሎቹ አልነኩኝም። እሱ ግን ውሸቱን ወደደው።

ድንበሩን አልፈን ሳምጣ የምትባል ከተማ አጠገብ እርሻ ላይ ስንቀጠር ለአሠሪው ሚስቴ ናት አለው፤ አንድ ክፍል ሰጡን። መሬት ላይ እተኛለሁ ስለው በቡጢ የፊት ጥርሴን ሰበረው። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ተውኩ።

በ2006 ወረቀት የሌለንን ስደተኞች የሚለቅመው አፈሳ ሲመጣ ሁለታችንንም ይዘው ጂዛን ተርሒል አስገቡን፤ ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚታጎሩበት እስር ቤት ነው። ሙቀቱና የሽንቱ ሽታ አይነሳ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ የወንዶቹንና የሴቶቹን አዳራሽ የሚለይ የብረት በር አለ።

አንድ ቀን ሽማግሌ ላከብኝ። አገር ስንገባ ወላጆቹ ቤት ሊወስደኝ አስቧል። እግራቸው ላይ ጫማ እንኳ የሌላቸው ሦስት እስረኞች ከበሩ ማዶ ለሽምግልና ተቀመጡ።

«አባቶቼ፣ ባሌ አይደለም» አልኳቸው። «የመንገድ ውሸት ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።» ከንፈሬን ገልጬ ጥርሴን አሳየኋቸው። ሌላ ምስክር አልነበረኝም።

መሃል የተቀመጡት አባት ጎንበስ ብለው አዩት።

«አይ ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ፣ «ባልሽ ካልሆነ ማን ደፍሮ እንዲህ ይመታሻል? ሰው የራሱን ሚስት ነው የሚመታ። ኸላስ፣ በቃ ታረቂ።»

ዞሬ ሴቶቹን አየሁ። ግማሾቹ እንደኔው የመንገድ ባል የነበራቸው ናቸው። አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከእሱ ቡጢ ይልቅ ያንን እልልታ ነው እስከ ዛሬ የምጠላው።

የቀረችኝ እናቴ ነበረች። አንዷ ደብቃ ባስገባችው ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ክፍሉን፣ ጥርሴን፣ ሽማግሌዎቹ ያሉትን። አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ አለቀሰች፤ ልትደርስልኝ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

«አልሀምዱሊላህ» አለችኝ፤ «እንኳን ሌላ ሰው ሳይሆን ባልሽ ሆነ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»