ተቀምጦ ለሚውል ሰው የሚሆን ሽጉጥ

ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ በምትባል ከተማ ባለ የመሣሪያ መደብር ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ሽጉጥ ሳይሆን የመስታወት መወልወያ ጨርቅ ነበር። የመደብሩ ባለቤት ዴል ይባላል፤ ቀጭን፣ ነጭ ጢሙን በጣቱ እያፍተለተለ የሚናገር ሰው ነው። «ለአንድ ሳምንት መስታወቱን ብቻ ነው የምትነካው፤ ከመስታወቱ ሥር ያለውን አትነካም» አለኝ። እኔ በአገሬ ጦር ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት አሥር አለቃ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዓይኔን ብታስሩኝ ሽጉጥ ፈትቼ እገጥማለሁ። ደሜ ፈላ፤ ግን ሥራውን እፈልገው ነበርና ወለወልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዴል ለደንበኛ ሲያሳይ የነበረውን ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ስልክ ሊያነሳ ሄደ። ችሎታዬን ላሳየው ብዬ ብድግ አደረግኩና ፈታታሁት። ሲመለስ ክፍሎቹ በጨርቁ ላይ ተደርድረው አገኛቸው። ይደነቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «ከመፍታትህ በፊት ባዶ መሆኑን አየህ?» አለኝ።

«አንተ አሁን አይተኸው የለም እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ማየቴ ለአንተ ምንህ ነው?» አለና ሥርዓቱን አሳየኝ። ካዝናው ይወጣል። የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ይቆለፋል። ጥይት የሚገባበት ቀዳዳ በዓይን ይታያል፣ በትንሿ ጣት ይዳሰሳል። ከዚያ ሽጉጡ ክፍት እንደሆነ ለሌላው ይሰጣል፤ የተቀበለውም ሰው ያንኑ ከመጀመሪያው ይደግማል። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህንን ሳላደርግ ሽጉጥ ነክቼ አላውቅም።

በመደብሩ ውስጥ ማዕረግ ነበረ ለማለት ያህል ሦስት ደረጃ ነበር፤ ወልዋይ፣ መዝጋቢ፣ ሻጭ። ሁለቱን በአንድ ዓመት ጨረስኩና ሻጭ ሆንኩ። ጊዜው የኮሎራዶ ሕግ ተቀይሮ ሽጉጥ በልብስ ሥር ታጥቆ የመሄድ ፈቃድ ማግኘት ቀለል ያለበት ነበር። የመሣሪያ አያያዝ ኮርሱን የወሰደና የሸሪፉ ቢሮ አጣርቶ የፈቀደለት ሰው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። አማርኛ የሚናገር ሻጭ አለ የሚል ወሬ ሲነዛ ደግሞ የእኛ ሰዎች ከዴንቨርም ከሊትልተንም ይጎርፉ ጀመር። ዴል በሩ ላይ የአበሻ ፊት ባየ ቁጥር «ቤል፣ ያንተ ነው» ይለኛል። በላቸው ማለት ስላቃተው ነው ቤል ያደረገኝ።

አቶ ኪዳኔን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ስድሳን ተሻግረዋል፤ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። የታክሲ ሹፌር ናቸው። ቶርንተን ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ግንባራቸውን በጠርሙስ መትቶ ከመኪናቸው ጎትቶ ጥሏቸው ነበር፤ ጠባሳው ከቅንድባቸው በላይ ይታያል። ፈቃዳቸውን አውጥተው፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብጠው መጡ።

«ትልቁን አሳየኝ» አሉኝ።

«ለምን ትልቁን?»

«ሽጉጥ ከተያዘ ሽጉጥ ይምሰላ!»

ሳቅ አልኩ። በእኛ አገር ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው እንዲታይለት ነው የሚታጠቀው። እጀታው ከኮቱ ብቅ ካላለ ምኑን ታጠቀው። እዚህ ግን ማንም እንዳያየው ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከሰውነት ጋር መዋል አለበት። ይህንን እንደ አስተማሪ ካብራራሁላቸው በኋላ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ቀላል ሽጉጥ አወጣሁ። «ይቺን በኪስዎ ይክተቷት፤ መኖሯንም ይረሱታል» አልኳቸው። አመኑኝ፤ ይዘዋት ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለው ሥጋ በልዞ ጠቁሯል። «መኖሯንማ አልረሳሁም» አሉና እጃቸውን አሳዩኝ። ወደ መተኮሻው ክፍል ይዣቸው ገባሁ። አምስት ሜትር ርቀት ላይ ከአሥር ጥይት ወረቀቱን ያገኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ለመታጠቅ ይመቻል እንጂ ሲተኮስ እጅ ውስጥ እንደ ዓሣ ይፈናጠራል፤ እጀታውም ለሦስት ጣት አይበቃም። ይህንን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ለምቾት ብዬ የሸጥኩላቸው።

ከዚያ እልህ ያዘኝና ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ሁለንተናው ብረት የሆነ ትልቅ ሽጉጥ ሰጠኋቸው። ከባድ ስለሆነ አይፈናጠርም፤ ከአሥሩ ዘጠኙን መቱ። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። አፎቱን በቀኝ ወገባቸው አድርጌ ሸሚዛቸውን አለበስኳቸው፤ መስታወት ፊት ቆመው ዞር ዞር አሉ፤ ጥሩ ነው ተባባልን። ይኸውላችሁ ስህተቴ። መስታወት ፊት የቆመ ሰው ነው ያየሁት፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ተቀምጠው ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሽጉጡን በተቆለፈ ሳጥን አድርገው ነበር። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ውሃ ሰጠኋቸው። ቆይተው ነገሩን ዘረዘሩት።

«ሲት ቤልቱ የሚቆለፈው በቀኝ ዳሌዬ በኩል አይደል? ቁልፉና ሽጉጡ ሲፋተጉ ይውላሉ። እስከ ምሳ ሰዓት እግሬ ይደነዝዛል። አውልቄ ወንበሩ ሥር አደረግኩት። ዛሬ ከኤርፖርት አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ጫንኩ። ሃይዌዩ ላይ አንዱ ፊቴ ገባብኝና ፍሬን ያዝኩ። ያ የተረገመ ብረት ተንሸራቶ ልጅቷ እግር ሥር ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ልታነሳው ጎንበስ ስትል እናቷ በጫማዋ ረገጠችው። ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩ። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ልጇን ታቅፋ ወረደችና ሌላ መኪና ጥራልን አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።» ሳጥኑን ወደ እኔ ገፉት። «ውሰድልኝ። ከዚህስ ጠርሙሱ ይሻለኛል።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም። ልጅቷ ጣቷን ቃታው ላይ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ሽጉጡን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። እሳቸውም ያለ ምንም መሣሪያ ወደዚያው ሥራ ሊመለሱ ነው፤ ግንባራቸውን የመታው ሰው ደግሞ አልተያዘም።

ለዴል ነገርኩት። ጢሙን እያፍተለተለ ሰማኝና «ማን ነው የሸጠለት?» አለ።

«እኔ ነኝ። ሁለቱንም።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«እንዴት ነው እጅዎ ላይ ብዬ ጠየቅኩ። የት ነው የሚቀመጡት ብዬ አልጠየቅኩም።»

ዴልም «ሽጉጡን መልሼ እወስዳለሁ። ሰውየውን ግን አንተ መልሰህ አምጣው» አለኝ። ይህንን ስላለኝ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

በማግስቱ ኮልፋክስ መንገድ ዳር ካለ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ግቢ ሄጄ የሹፌር ወንበር ከነሲት ቤልቱና ከነቁልፉ አመጣሁ። በጣውላ ላይ በብሎን አሰርኩትና ከመደብሩ ጀርባ ባለው ክፍል አቆምኩት። ዴል አይቶ «መሣሪያ መደብር ነው የከፈትኩት ወይስ ጋራዥ?» አለ። ለደንበኞች ሁሉ መሳቂያ ሆንኩ። እኔ ግን ምሳዬን ሳይቀር እዚያው ወንበር ላይ ታጥቄ፣ ሲት ቤልት አስሬ እበላ ነበር። ባዶ ሽጉጥ በቀኝ ወገቤ፣ በግራ ወገቤ፣ በቁርጭምጭሚቴ፣ በብብቴ እያዛወርኩ እያንዳንዱን አንድ አንድ ሙሉ ቀን ሞከርኩ። የት እንዳመመኝ፣ በስንት ሰዓት እንዳመመኝ፣ እጄ ስንት ጊዜ ሸሚዝ ውስጥ እንደተጠለፈ በደብተር ጻፍኩ።

ከሁሉም ያማረኝ የብብቱ አፎት ነበር። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ ምቾት የለም። አቶ ኪዳኔን እንደምንም ለምኜ አመጣኋቸውና አሳየኋቸው። ወንበሩ ላይ እንደ እስረኛ ታስሬ ሲያዩኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ሽጉጡ የት ነው?» አሉ።

«እዚህ ነው፤ ይታይዎታል?» አልኳቸው፣ ብብቴን እያሳየሁ።

«አይታይም። እስቲ ተነስና ሰላም በለኝ።»

ተነሳሁ። እንደ ወጋችን ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው መዳፋቸው ቀጥ ብሎ ብብቴ ሥር ካለው ሽጉጥ ላይ አረፈ። ጀርባዬን እንደመቱ አድርገው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።

«በቀን ሃያ ሹፌር እንዲህ ሰላም እላለሁ» አሉ። «እስከ ማታ ድረስ የኤርፖርት ታክሲ ማቆሚያው በሙሉ ኪዳኔ ታጥቋል ይል የለም?»

ዴል ይህንን ፈጽሞ ሊያስበው አይችልም ነበር፤ የእሱ ደንበኛ እጅ ጨብጦ ነው የሚለያየው። እኔ ግን ትከሻ ስገጭ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሊያመልጠኝ አይገባም ነበር። ፈተናዬን ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተካከልኩ። ደንበኛው ታጥቆ ወንበሩ ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ተነስቶ ከባድ ሻንጣ ከመሬት ያነሳል። ከዚያ ከእኔ ጋር ሦስቴ ትከሻ ይጋጫል። ይህንን ያላለፈ አፎት አልሸጥም። ያለፈውን ደግሞ ደንበኛው በሽጉጡ ተኩሶ ወረቀቱን ካልመታ አልሸጥም።

ለአቶ ኪዳኔ መካከለኛ ሽጉጥ መረጥን። አራት ጣት የሚያስይዝ፣ ክብደቱ የትልቁ ብረት ሽጉጥ ግማሽ ያህል የሆነ ነው። አፎቱን ከሆዳቸው በስተግራ አደረግኩት፤ እጀታው ወደ ቀኝ እጃቸው የዞረ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ቆዳ። እዚያ ቦታ የሲት ቤልቱ ቁልፍ አይደርስበትም፣ ሰላምታም አይነካውም። የለመዱትን ለስላሳ የሱሪ ቀበቶ አስወልቄ ድርብ የቆዳ ቀበቶ አስታጠቅኳቸው። አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ሰባት ሜትር ላይ አስተኮስኳቸው። አሥሩም ወረቀቱ ላይ ነበሩ። ዴል ወረቀቱን ከመስቀያው ራሱ አወረደ፣ አየው፣ ምንም ሳይል ወንበሩ ካለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነው።

በሁዳዴ መጨረሻ ደግሞ መጡ፤ ጾሙ ወገባቸውን አሳንሶት አፎቱ ወደ ፊት ተደፍቷል። ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩላቸው። ከዚያ በኋላ ለጿሚ ደንበኛ ሁሉ የጾሙን ቀዳዳ አስቀድሜ እበሳ ጀመር።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመደብሩ ስልክ ጮኸ፤ አቶ ኪዳኔ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እንግልውድ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተሳፍረው አንዱ ከኋላ መሣሪያ ማጅራታቸው ላይ ደግኖ ውረድ ብሏቸዋል።

«ሊያወጡት አስበው ነበር?» አልኳቸው።

«ማጅራቴ ላይ ተደግኖ? እጄን አንስቼ ወረድኩ። መኪናው ብረት ነው፤ ይሂድ። ይዘውት በረሩ። ፖሊሱ ሲመጣ ያስተማርከኝን ነገርኩት፤ ፈቃድ አለኝ፣ በግራዬ ታጥቄያለሁ፣ እጄን አላንቀሳቅስም አልኩት። አመሰገነኝ።»

«ሽጉጡስ?»

«እንዴት ሽጉጡስ ትላለህ? ወገቤ ላይ ነዋ! የድሮው ቢሆን እኮ ወንበር ሥር ነበር፤ ይሄኔ በእነዚያ ልጆች እጅ ነበር። በላቸው፣ ማንም ሰው የእኔን መሣሪያ አልያዘም። ለሚስቴ ሳልደውል ላንተ የደወልኩት ይህንን እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጀርባ ክፍል ገባሁና አለቀስኩ። አላፍርበትም። ሽጉጥ የሚሸጥ ሰው በሥራው መኩራት ያለበት በተተኮሰ ጥይት አይመስለኝም። አቶ ኪዳኔ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድም ጊዜ በሰው ላይ አልመዘዙትም፤ አንድም ቀን ከወገባቸው ወርዶ ወንበር ሥር አልገባም። በሥራ ዘመኔ ከሸጥኳቸው ሁሉ የምኮራበት ሽያጭ ይኸኛው ነው።

ከእኔ በኋላ ጠረጴዛው ጀርባ ለምትቆሙ የምለው ይህ ነው። ደንበኛው ቀኑን ሙሉ ሊታጠቀው የማይችለውን ሽጉጥ አትሽጡለት፤ አውልቆ የሆነ ቦታ ያስቀምጠዋልና። ሊመታበት የማይችለውንም አትሽጡለት። ሁለቱን የሚያሟላ ካላገኛችሁለት ባዶ እጁን ሸኙት።